ኮምፒዩተር ሲነሣ ዲስኩን ስለ መመርመሩ፤ ከቤል ቤተ ሙከራ እስከ ከላላ ደጋ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆ ቈርጦ በተዋቸው አምባዎች ላይ፣ በከላላ፣ በወግዲ፣ በመካነ ሰላምና በአማራ ሳይንት የሚኖር የኮምፒዩተር ባለቤት አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም መብራት በድንገት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ሲያስነሣ፣ የለመደው ገጽ ከመምጣቱ በፊት በጥቁር መደብ ላይ ዲስኩ እየተመረመረ መሆኑን የሚናገሩ ፊደላት መውጣታቸው፣ ሥራውም ከመቶ ስንት እጅ እንደ ተፈጸመ የሚያመለክት ቍጥር ቀስ እያለ መጨመሩ ነው። ይህን ብዙዎች የሥራ ማሰናከያ አድርገው ስለሚቈጥሩት፣ ወይ አንዱን ቍልፍ ተጭነው ያልፉታል፣ ወይም ትዕግሥታቸው አልቆ ኮምፒዩተሩን መልሰው ያጠፉታል። ነገር ግን ይህ ምርመራ ከየት እንደ መጣና በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ የተመለከተ ሰው፣ ከተሠራባቸው ምክንያቶች ዋናው የኃይል በድንገት መቋረጥ መሆኑን፣ ስለዚህም መብራት ለማይታመንበት አገር ከማንም ይልቅ የተገባ መሆኑን ይረዳል። ታሪኩን ከጥንቱ ጀምረን በተራ እንተርካለን፤ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥ ኢዮቤልዩ ከተከበረ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1956፣ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራማክ ብሎ የሰየመውን መኪና ለዓለም አሳየ። በዚህ መኪና ውስጥ ወርዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር የሆነ 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይሽከረከሩ ነበር፤ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ሲጠጋ፣ መያዝ የሚችለው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር፤ ይህም ዛሬ በአንድ ተራ የእጅ ስልክ ለሚነሣ ለጥቂት ፎቶግራፍ እንኳ የማይበቃ ነው። በማግኔት ኃይል በዲስክ ላይ የተጻፈ ጽሕፈት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ባለበት ይጸናል፤ ይህ የዲስክ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ሆኖ ወደ ዲስኩ ለመሻገር ተራውን የሚጠብቀው ጽሕፈት፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ቅጽበት ይጠፋል፤ የምንተርከውም ነገር ሁሉ የተወለደው በእነዚህ በጸናውና በጠፋው መካከል ከሚፈጠረው አለመስማማት ነው።

በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዐት መሥራት በጀመሩ ጊዜ፣ የዲስክን አያያዝ እስከ ዛሬ በሚሠራበት መልክ አደላደሉት። ይህን አያያዝ ለመረዳት የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ማሰብ ይበቃል፤ ንዋየ ቅድሳቱ በየሣጥናቸው ተቀምጠው፣ ስማቸውና ቦታቸው በመዝገብ ተጽፎ፣ ባዶ የሆኑትም ሣጥኖች ለብቻቸው ተዘርዝረው ሳሉ፣ ዐቃቤ ንዋዩ አንዱን መጽሐፍ ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ሌላ ካገባ በኋላ መዝገቡን ሳያርም በድንገት ተጠርቶ ቢሄድ፣ መጽሐፉ በቤቱ ውስጥ እያለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ የያዘውም ሣጥን ባዶ ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ተከታዩ ሹም ሌላ ዕቃ ሊጭንበት ይችላል። በዲስክም ላይ እንዲሁ ነው፤ የፋይሉ አካል፣ የፋይሉ መዝገብ፣ የፋይሉ ስምና የባዶ ቦታዎች ዝርዝር በአራት የተለያዩ ስፍራዎች ስለሚጻፉ፣ አራቱም በአንድ ቅጽበት ሊጻፉ አይችሉም፤ መብራት በመካከሉ ከሄደ አንዱ የተናገረውን ሌላው ያስተባብለዋል።

የዚያን ዘመን ዩኒክስ ለፍጥነት ሲል ጽሕፈቱን በማስታወሻው ውስጥ እያቈየ፣ በየ30 ሰኮንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዲስኩ ያሻግረው ስለ ነበር፣ ጠባቂዎቹ መኪናውን ከማጥፋታቸው በፊት ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ደጋግመው መጻፍን ልማድ አደረጉት። ይህን ሳያደርጉ ኃይል ከተቋረጠባቸው ግን ምርመራው በእጅ ነበር፤ በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ አይቼክ የተባለው ፕሮግራም የቦታዎቹን አያያዝ፣ ዲቼክ የተባለው ደግሞ የስሞቹንና የመዝገቦቹን መስማማት ይመረምር ነበር፤ ሁለቱም ጥፋቱን ይናገራሉ እንጂ አብዛኛውን ማቃናት የሚቻለው የዲስኩን ውስጠ ምሥጢር ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሊቅ ብቻ ነበር። ሊቅ የሌለበት ስፍራ መፍትሔ አልነበረውም።

በዚሁ ዘመን ግድም ቴድ ኮዋልስኪ የተባለ ሰው እነዚህን የተበታተኑ ምርመራዎች በአንድ አጠቃሎ፣ ኤፍ ኤስ ሲ ኬ በሚል አጭር ስም የሚጠራውን ፕሮግራም ሠራ። ምርመራው በአምስት ክፍል በቅደም ተከተል ይፈጸማል፤ በመጀመሪያው መዝገቦቹን አንድ በአንድ እየገለጠ አንድን ቦታ ሁለት ፋይሎች የእኔ ነው እንዳይሉ ይመለከታል፤ በሁለተኛው የስሞቹን ዝርዝር ያጣራል፤ በሦስተኛው እያንዳንዱ ማኅደር የሁሉ መነሻ ከሆነው ከሥሩ ማኅደር ጋር በመንገድ የተያያዘ መሆኑን ይፈትሻል፤ በአራተኛው ለእያንዳንዱ መዝገብ የተሰጡትን ስሞች ይቈጥራል፤ በአምስተኛው የባዶ ቦታዎችን ዝርዝር ከእውነቱ ጋር ያስተያያል። አካሉና መዝገቡ ተገኝቶ ስሙ የጠፋበትን ፋይል ደግሞ አይጥለውም፤ ጠፍተው የተገኙት ተብሎ በተሰየመ ማኅደር ውስጥ በቍጥር ስም ያኖረዋል፤ ባለቤቱም ከፍቶ አይቶ ስሙን ይመልስለታል። በ1983 የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ 4.2 ቢ ኤስ ዲ የተባለውን ዩኒክስ ባወጣ ጊዜ፣ ማርሻል ከርክ ማክኩዚክ ይህን ፕሮግራም ለአዲሱ የዲስክ አያያዝ አስማምቶ አደሰው። መኪናው በተነሣ ቍጥር ማንም ሳያዝዘው ቀላል ቀላሉን ስሕተት በራሱ አርሞ ያልፋል፤ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ግን ቆሞ ሰው ይጠራል። ዛሬ በቤታችን የምናየው ልማድ ይህ ነው።

ዩኒክስ በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲዎችና የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ሀብት ነበረ፤ በቤት የሚቀመጠው ትንሹ ኮምፒዩተር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1980 ቲም ፓተርሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በሲያትል ከተማ አካባቢ በጻፈው ሥርዐት ውስጥ ቼክ ዲስክ የሚባል ፕሮግራም አገባበት፤ ያም ሥርዐት በማይክሮሶፍት እጅ ገብቶ ዶስ ተባለና በ1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር በዓለም ተሠራጨ። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር በፍሎፒ ዲስክ ይሠራ ስለ ነበር የሚጠፋውም ትንሽ ነበር፤ በ1983 ግን ኤክስ ቲ የተባለው ተከታዩ 10 ሜጋ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ይዞ ቀረበ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመታት ጽሕፈትም በአንድ ሣጥን ውስጥ መከማቸት ጀመረ። ዶስ የዲስኩን ካርታ ፋት በተባለ ሰንጠረዥ ይይዛል፤ የሰንጠረዡንም ሁለት ቅጂ ያኖራል፤ ቼክ ዲስክ ባለቤት ያጣ ቍራጭ ባገኘ ጊዜ ፋይል 0000 ብሎ በቍጥር እየሰየመ ያስቀምጠዋል።

በዚህ ሰዓት ኮምፒዩተር ወደ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች እየገባ ነበር። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍሥሐ አጥላውና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን ኮምፒዩተር በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ሲደክሙ፣ ቀጥሎም ሞዴት፣ ዋሽራ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች ተከታትለው ሲመጡ፣ ሁሉም ፊደሎቻችንን በየራሳቸው ቍጥር ይወክሏቸው ነበር። ይህም ለእኛ ለብቻችን የሆነ ችግር አመጣ፤ እንግሊዛዊው ከምርመራ የተረፈውን ቍራጭ ፋይል ከፍቶ ጽሑፉን እንደ ወትሮው ሲያነብ፣ አማርኛ ጸሐፊው ግን በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ ካላወቀ በቀር ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ብቻ ያገኛል፤ ዲስኩ የመለሰለትን ሀብት የፊደሉ አለመስማማት ይነጥቀዋል። ይህ መከራ መቃለል የጀመረው በ1999 የዩኒኮድ ሦስተኛው እትም የግዕዝን ፊደል ከዓለም ፊደላት ጋር አስተባብሮ ለእያንዳንዱ አንድ የጸና ቍጥር ከሰጠው በኋላ ነው።

በ1993 ማይክሮሶፍት በዶስ 6.2 ውስጥ ስካን ዲስክ የተባለውን የተሻለ መርማሪ አወጣ፤ በ1996 ደግሞ በታደሰው በዊንዶውስ 95 ይህ መርማሪ ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ከቀረ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣ በራሱ እንዲሠራ ተደረገ። በዚህ ዓይነት የዲስክ ምርመራ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። በሰማያዊ መደብ ላይ ይወጣ የነበረው ማስታወቂያ ግን ጥፋቱን ሁሉ በባለቤቱ ላይ የሚጥል ነበር፤ ይህን ዳግመኛ ማየት ካልፈለግህ ኮምፒዩተርህን ዘወትር በሥርዓቱ ዝጋ ይላል። ይህን የጻፉት ሰዎች መብራት በማይጠፋበት ከተማ ይኖሩ ነበርና፣ ደብዳቤውን ሊጨርስ ሁለት መስመር ሲቀረው መብራት የሄደበት ጸሐፊ ያለ ኃጢአቱ እየተገሠጸ መሆኑን አላሰቡም። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1997 መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኮምፒዩተር ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት እየተሻገረ ሲሄድ፣ ያ ሰማያዊ ገጽ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የኮምፒዩተር የመጀመሪያ ትምህርት ሆነ።

በዚያው በ1993 በሌላ ወገን፣ ሬሚ ካር፣ ቴዎዶር ጾ እና ስቲቨን ትዊዲ ዩኒክስን ለሚመስለው ለሊኑክስ ሥርዐት ኤክስት 2 የተባለውን የዲስክ አያያዝ ሠርተው ነበር። ይህ አያያዝ ዲስኩ ሥራ ሲጀምር ንጹሕ አይደለም የሚል ምልክት ይጽፍበታል፤ በሥርዓት ሲዘጋ ደግሞ ምልክቱን ወደ ንጹሕ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሲነሣ ምልክቱን በማየት ብቻ ባለፈው ጊዜ እንዴት እንደ ተዘጋ ያውቃል። ነገር ግን ሠሪዎቹ በዚህ ብቻ አልተወሰኑም፤ የላላ ገመድ፣ የተበላሸ ማስታወሻ፣ ያረጀ ዲስክ ወይም በራሱ በሥርዐቱ ውስጥ የተሰወረ ስሕተት ንጹሕ የሚለውን ምልክት ሳይነካ ጽሕፈቱን ሊያበላሽ እንደሚችል ስላወቁ፣ ዲስኩ ከ20 እስከ 40 ጊዜ ከተከፈተ ወይም ካለፈው ምርመራ 180 ቀን ከሞላው፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ሙሉ ምርመራ እንዲደረግበት ደነገጉ። በየዕለቱ አንድ ጊዜ ለሚነሣ የቤት ኮምፒዩተር ይህ በየወሩ ግድም የሚመጣ ግዴታ ነበር። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ፤ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሽ ክብ ባትሪ ከሞተች፣ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ሊኑክስ ዲስኩ ገና ባልመጣ ዘመን የተከፈተ መስሎት ተደናግጦ ምርመራ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ለቈየ አሮጌ ኮምፒዩተር ይህ የታወቀ ደዌ ነው፤ መድኀኒቱም በርካሽ የምትገዛ አዲስ ባትሪ ናት።

የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዚህ ነገር ላይ ታላቅ ለውጥ አመጣ። ትዊዲ በ1998 ያሰበውን አሳብ በሥራ ገልጦ፣ ኤክስት 3 የተባለው የዲስክ አያያዝ በኅዳር 2001 ከሊኑክስ 2.4.15 ጋር ወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒም ከ1993 ጀምሮ በመሥሪያ ቤቶች ሲያገለግል የኖረውን ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለ የዲስክ አያያዝ ወደ ቤት ኮምፒዩተር አስገባ። የሁለቱም ምሥጢር ጆርናል የሚባለው ነገር ነው፤ ሥርዐቱ አንድ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በተለየ ስፍራ ይጽፋል፤ ከዚያ ይፈጽመዋል፤ ፈጽሞም አሳቡን ይሠርዘዋል። በመካከል መብራት ቢሄድ፣ ሲነሣ ያንን የአሳብ ጽሕፈት ያነብና የተጀመረውን ይፈጽማል፤ ጽሕፈቱ ሳይሟላ የቀረውን አሳብ ግን ይተወዋል፤ ይህም የሚፈጀው ጥቂት ሰኮንድ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የሚጠበቀው መዝገቡ እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሳይቀመጥ የቀረው የደብዳቤው መጨረሻ ሊጠፋ ይችላል።

በአገራችን ዘመኑ የመንግሥት ኮምፒዩተር ወደ ገጠር የወረደበት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ወረዳኔት የተባለው መረብ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማእከል ጋር ሲያገናኝ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲማሩ፣ የኤሌክትሪክ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር እኩል አልተራመደም። በ2001 ዓ.ም. በግድቦች ያለው ውኃ በማነሱ መብራት በመላው አገር በፈረቃ ሆነ፤ የተከዜና የበለስ ማመንጫዎች በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጥቂት ፋታ ተገኘ። በፈረቃው ዘመን፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ የተባለ መሣሪያ ያለው ቢሮ መኪናውን በሥርዓት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ሲያገኝ፣ ዩፒኤስ የሌለው የፎቶ ኮፒ ቤት፣ በፍላሽና በሚሞሪ መዝሙርና መንዙማ የሚጭነው ሱቅ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ፈተና የሚያዘጋጀው መምህር ግን በየጊዜው ለዚያ ጥቁር ገጽ ይዳረጉ ነበር። ምርመራው ዘገየ ብለው ሳይጨርስ ሲያጠፉት ጥፋቱ በጥፋት ላይ እየተጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ባለሙያ ዘንድ ሲወሰድ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፤ ፎርማት መደረግ አለበት ይባላል። አንድ ሰዓት በትዕግሥት ቢጠበቅ ሊድን ይችል የነበረው የዓመታት ፎቶግራፍና ጽሕፈት በዚህች አንዲት ቃል ይደመሰሳል።

የዲስክ መጠን ሲሰፋ ምርመራውም እየረዘመ ሄደ። በ1983 10 ሜጋ ባይት የነበረው የቤት ዲስክ፣ በ2007 ሂታቺ ባወጣው አንድ ቴራ ባይት ሲተካ፣ መጠኑ መቶ ሺሕ እጥፍ አድጎ ነበር፤ ሙሉ ምርመራም ከቡና ማፍያ ጊዜ በላይ መፍጀት ጀመረ። ስለዚህ ሠሪዎቹ ምርመራውን ማሳጠር ግድ ሆነባቸው፤ በታኅሣሥ 2008 የወጣው ኤክስት 4 ከቶ ተጽፎባቸው የማያውቁትን የመዝገብ ክፍሎች እየዘለለ እንዲመረምር ተደረገ፤ በኅዳር 2011 ደግሞ የሊኑክስ ዲስክ መሣሪያዎች 1.42 እትም በወጣ ጊዜ፣ በተከፈተበት ብዛትና በቀን ቍጥር ይመጣ የነበረው የግዴታ ምርመራ ለአዲስ ዲስኮች እንዲቀር ተወሰነ። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8ም አብዛኛውን ምርመራ ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ሳለ ከጀርባ እየሠራ፣ ሲነሣ የሚቀረውን እርማት በሰኮንድ ብቻ እንዲፈጽም አደረገው። በዚህ ዓይነት፣ በበርክሌይ ዩኒክስ የተለመደው ሲነሣ የመመርመር ሥርዓት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከተጠቃሚው ዓይን እየተሰወረ ሄደ።

ምርመራው ቢሰወርም የተፈጠረበት ምክንያት ግን ከእኛ ዘንድ አልተሰወረም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በማነሱ መብራት እንደገና በፈረቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከደቡብ ወሎዎቹ ከቦረናና ከወግዲ ገደል ሥር የሚያልፈው ዓባይም ዛሬ ለአገሩ ብርሃን ሆኗል። ነገር ግን የኃይል መብዛት ብቻውን የደጋውን ቤት ኮምፒዩተር አይጠብቀውም፤ ኃይሉ ከማመንጫው እስከ ከላላ የሚመጣው በረጅም ሽቦ፣ በእንጨት ምሰሶና በትራንስፎርመር ነውና፣ የክረምት መብረቅና ነፋስ በመንገዱ ላይ አንዱን ከበጠሰ፣ የዲስኩ ዕጣ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ከነበረው አይለይም። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ተማሪዎቹን የሚያስተምረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ወደ አካባቢው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኮምፒዩተር የሚይዘው ወጣት በዝቷል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የያዘ ተማሪም ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ ትረካ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው፤ የዲስክ ምርመራ መዝገቡን ከአካሉ ያስታርቃል እንጂ የጠፋውን ቃል አይፈጥርም፤ ዲስኩንም ከመሞት አያድነውም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኮምፒዩተርህ ዲስኩን ሲመረምር ብታይ፣ ቍልፍ ተጭነህ አትለፈው፤ መብራቱም እስኪጸና ጥቂት ቈይተህ ማስነሣት ይሻልሃል። መብራት ሳይጠፋ ምርመራው በየዕለቱ የሚመጣብህ ከሆነ ግን ዲስኩ መታመሙን የሚነግርህ እርሱ ነውና፣ ሌላ ነገር ሁሉ ትተህ መጀመሪያ ያለህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ፤ ከዚያ በኋላ አስመርምረው። የአባቶቻችን መጻሕፍት ከእሳትና ከዘረፋ ተርፈው ከእኛ የደረሱት ጸሐፍቱ ደጋግመው ስለ ገለበጧቸው ነው፤ አንተም የምትወደውን ጽሕፈት ቢያንስ በሁለት ዲስክ፣ ቢቻልህም በሁለት ቤት አስቀምጥ።